ሃያ ስምንት ከሠላሳ

ሐኪሟ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ምልክቶች በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካች ደመረችና «ሃያ ሁለት ከሠላሳ» አለች።

መምህርቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከባሏ ጎን ተቀምጣለች። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምራ ጡረታ ወጥታለች፤ በነዚያ ዓመታት ሁሉ ከሠላሳ ሃያ ሁለት ይዞ ከእጇ በሰላም ያመለጠ ልጅ የለም። ተማሪዎቿ ያወጡላት ስም «ድገሙ» ነው። ሰሌዳውን በማስመሪያ መታ መታ አድርጋ «ድገሙ!» ስትል መስኮቱ ሳይቀር ይደግም ነበር ይላሉ። ዛሬ ልጅ ወልደው፣ ራሳቸው ተመልጦ እንኳ መንገድ ላይ ሲያይዋት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ይህን ስም ታውቀዋለች፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ትወደዋለች።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። አርባ ሁለት ዓመት አንድ መስታወት ፊት ቆሞ የሰው ጭንቅላት ሲያሳምር የኖረ ሰው፣ አሁን የራሱ ጭንቅላት በወረቀት ተደምሮ ተነገረው።

«ስምንቱን የት ጣልኩት ማለት ነው?» አለ ፈገግ ብሎ።

ሐኪሟ ሳቀች። ሚስቱ አልሳቀችም።

ነገሩ የተጀመረው በባለመድኃኒት ቤቱ ነው። መድኃኒት ቤቱ ከፀጉር ቤቱ ጎን ነው፤ ሰውዬውም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ይስተካከላል። አባቱ ሞቱበት። ፀጉር አስተካካዩ ቀብር ላይ ቆሟል፤ እንዲያውም በታመሙበት ሰሞን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የመጨረሻውን ጢም የላጫቸው እሱ ነው። ከወር በኋላ ባለመድኃኒቱ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ጨርቁን አንገቱ ላይ እያሰረለት «አባትህስ ደህና ናቸው?» አለው። ሰውዬው ቀልድ መስሎት በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ አየው፤ ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላም ጠየቀው። በሦስተኛው ጊዜ ባለመድኃኒቱ ግማሽ ራሱን እንደተስተካከለ ተነሳ፤ ጨርቁን ከአንገቱ ሳይፈታ ወደ መምህርቷ ቤት ሄዶ «እትዬ፣ ጋሼን ሐኪም ያሳዩዋቸው» አላት። እሺ ያለችው ደንግጣ አይደለም። አንድ ጎኑ ተከርክሞ አንድ ጎኑ ተንጨባርሮ በሯ ላይ የቆመውን ሰው ጎረቤት እንዳያይባት ነው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ወንበሯን ወደነሱ አስጠግታ ረጋ ብላ አስረዳች።

«የመርሳት በሽታ ነው አላልኩም፤ አባት፣ ይስሙኝ። በዕድሜ ከሚመጣው መርሳት ከፍ ያለ፣ ከዋናው በሽታ ግን ዝቅ ያለ ነው። መሀል ላይ ነዎት። መሀል ላይ ካለው ሰው አንዳንዱ ቀስ እያለ ወደዚያኛው ይሄዳል፤ አንዳንዱ እዚያው ይቆያል፤ አንዳንዱ ደግሞ ይመለሳል። የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ደም እናያለን። ግፊትዎ ከፍ ብሏል፣ እሱን እናስተካክላለን። ጆሮዎንም ይታዩ፤ በደንብ የማይሰማ ሰው የማያስታውስ ይመስላል። ይራመዱ፣ ከሰው ይጫወቱ፣ ሥራዎን አይተዉ።» ቀጥላም «ልጨርሰው የሚሉት ነገር ካለ አሁን ይጨርሱት፤ ሁሉም ነገር በእጅዎ እያለ» አለችው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በመምህርቷ ጆሮ የቀረው ያ ሃያ ሁለት ብቻ ነው።

«ማለፊያው ስንት ነው?»

«እናቴ፣ ፈተና እኮ አይደለም።»

«ይሁን። ስንት ነው?»

«ሃያ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነው እንላለን። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና እናያቸዋለን።»

«እንደገና ይፈተናል» አለችና መምህርቷ ተነሳች። የደም ምርመራው ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ገባ፤ እዚያው ቀረ። ደሙን የሚመረመረው የታመመ ሰው ነው፤ የሷ ባል የጎደለው ነጥብ ነው።

ወደ ቤት የሄዱት በእግር ነው። ባሏ ጫማ ጠጋኙን አልፈው መብራቱ ጋ ሲደርሱ ቆመ።

«ወንድሜ ጋ ልሂድ» አለ።

«አሁን?»

«በዚህ ሳምንት። ሰምተሻታል። የምጨርሰው ነገር ካለኝ እሱ ነው።»

ምን እንደሆነ ታውቃለች። ወንድማማቾቹ አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ በሁለት ወንበር ጎን ለጎን ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። አባታቸውም በዚሁ ሙያ ነው ያሳደጓቸው፤ ሲሞቱ የቀንድ እጀታ ያለው ምላጫቸውን ትተውላቸዋል። ማንም አይላጭበትም፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ያ ምላጭ ጠፋ። ታላቅየው፣ የሷ ባል፣ ታናሹን «አንተ ነህ የወሰድከው» አለው፤ ያውም ፊቱ አረፋ ተቀብቶ በተቀመጠ ደንበኛ ፊት። ታናሹ መቀሱን አስቀመጠ፣ ካፖርቱን ለበሰ፣ ወጣ። የአንድ ቀን የአውቶብስ መንገድ ርቆ የራሱን ፀጉር ቤት ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። አምና ታዲያ ፀጉር ቤቱ ቀለም ሲቀባ ትልቁ መስታወት ከግድግዳው ወረደ። ምላጩ ከነጨርቁ ከመስታወቱ ጀርባ ተገኘ። ሌባ እንዳያገኘው ብሎ መስታወቱ ጫፍ ላይ ያስቀመጠው ራሱ ታላቅየው ነበር፤ ሾልኮ ወደ ኋላ ወድቋል። ሰውዬው ምላጩን ይዞ ቤቱ ገባና በሽምግልናው እንደ ልጅ አለቀሰ። «በድዬሃለሁ ልበለው» አለ። «በስልክ የሚባል አይደለም፤ ፊቱን እያየሁ ነው የምለው።» ግን አፈረ። ዛሬ ነገ ሲል ዓመት ሞላው፤ ምላጩም መኝታ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

«ትሄዳለህ» አለችው መምህርቷ፣ መብራቱ ሥር። «መጀመሪያ ፈተናውን እለፍ። እንዲህ ሆነህ ነው ወንድምህ ፊት የምትቀርበው? አውቶብሱ ላይ የምትወርድበት ቢጠፋህስ? ‹ጃጅቶ ነው ይቅርታ የጠየቀኝ› ይበልህ? ስታልፍ ትሄዳለህ፤ ቀና ብለህ።»

አሳመነችው ማለት አይቻልም። ግን ከመምህርት ጋር አርባ ዓመት የኖረ ሰው መቼ እጁን እንደሚያወጣና መቼ ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ ያውቃል።

የመምህርቷ ጥፋት ከዚህ ይጀምራል፤ ያጠፋችው ደግሞ ክፉ ሆና ሳይሆን ጎበዝ ሆና ነው። ባሏ ሲፈተን አጠገቡ ተቀምጣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ በልቧ ይዛለች። ቤት እንደገባች ደብተር አውጥታ ገለበጠቻቸው፤ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠሩን፣ ሰዓት ስሎ ዘንጎቹን ማስቀመጡን፣ ቀንና ዓመተ ምህረቱን። ከሁሉ በላይ አምስቱን ቃላት፦ መሰላል፣ ሎሚ፣ ጎረቤት፣ መርፌ፣ ሰማያዊ። ሐኪሟ እነዚህን አንብባለት፣ በሌላ ጥያቄ ወዲያ ወዲህ ስታደርገው ቆይታ፣ «ቅድም ያልኩዎትን ይንገሩኝ» ስትለው ያስታወሰው ሎሚን ብቻ ነበር።

ጥያቄው ይለወጣል ብላ ለአፍታ አልሰጋችም። ወረቀቶቹን አይታቸዋለች፤ የቅጂ ቅጂ ሆነው ዳር ዳራቸው የጠቆረ፣ ጠረጴዛው ላይ ክምር የሆኑ። ዕድሜ ልኳን ፈተና ያባዛች ሴት፣ አንድ ክምር ወረቀት ለስንት ዓመት እንደሚበቃ በዐይኗ ትመዝናለች።

ጥናቱ የምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሆነ፤ ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ከሰዓት ከሥራ ሲመለስ። ከሥራ በኋላ ከጫማ ጠጋኙ ጋር ዳማ መጫወት ልማዱ ነበር፤ «ጊዜ ማባከን ነው» ብላ አስቀረችው። የእግር ጉዞውም ቀረ። ማስመሪያው ከሣጥን ወጣ።

«ድገም።»

«መሰላል፣ ሎሚ፣ ጎረቤት…»

«ከጎረቤት ቀጥሎ?»

«ከጎረቤት ቀጥሎማ የጎረቤት ሚስት ናት።»

«ድገም!»

«እሺ መምህር» ይላል እጁን አጣምሮ። መጀመሪያ ሰሞን «መምህር» የሚላት ሊያስቃት ነበር።

አንድ ቀን ማስመሪያው ጠረጴዛውን ከመምታቱ በፊት የባሏ ፊት ወለል አለ። «ስሚኝማ፣ ይሄን እንዴት እንደምይዘው አገኘሁት። ልጆች ሆነን እኔና ወንድሜ አንድ ጊዜ መሰላል ተሸክመን…»

«ታሪክ አይጠየቅም» አለችው። «ቃላቶቹን ብቻ። በተራ።»

አፉን ገጠመ። ከዚያ በተራ አላቸው፤ ያን ቀን ሁለቱ ጎደሉ።

እሁድ እሁድ ሴት ልጃቸው ትመጣለች። አንድ እሁድ በሩን ስትከፍት አባቷን እንደ ተቀጣ ልጅ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እናቷን ማስመሪያ ይዛ ቆማ አገኘቻቸው። ነገሩን ስትሰማ ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ማታለል ነው።»

«ማታለል አይደለም፣ ጥናት ነው።»

«ሐኪሟን አታልለሽ ማን ሊጠቀም? መልሱን አስጠንተሽ ብትልኪው ሕመሙ ይፈራሻል?»

«አንቺን ያሳለፍኩሽ እንዲህ አይደል? ያኔ ለምን ማታለል ነው አላልሽም?»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ ትከሻውን ነቀነቀ። ልጅቷም ከእናቷ ጋር መከራከር ውሃ ወቀጣ መሆኑን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ስለምታውቅ፣ ተናዳ ሻይ ልታፈላ ሄደች። ያኔ ጮሄ ቢሆን ኖሮ እያለች ዛሬ ድረስ ትጸጸታለች።

አምስተኛው ወር ላይ ቃላቱ ከአፉ እንደ ውሃ ይፈሱ ጀመር። መምህርቷ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እሱ ግን ጠዋት ሻዩን እያማሰለ፣ ስኳር መጨመሩንና አለመጨመሩን እያሰበ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ቃላቶቹንማ አወቅኳቸው። የማላውቀው ሌላውን ነው። ትናንት አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ‹እንደ ሁልጊዜው› አለኝ። ሁልጊዜው እንዴት እንደነበር ጠፋኝ። ማን እንደነበረም ጠፋኝ። ፈራሁ።»

መምህርቷም ሰማችው። ያን ቀን ዐይኗን ከደብተሩ ላይ አንስታ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር። እሷ ግን ገጹን ገለጠች።

«እሱ አይጠየቅም» አለችው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ያቺው ሐኪም፣ ያው ወረቀት፣ ያው የጠቆረ ዳር። መሰላል፣ ሎሚ፣ ጎረቤት፣ መርፌ፣ ሰማያዊ፤ በተራ፣ ሳይንተባተብ። ሰዓቱን ሳለ። ከመቶ ሰባት ሰባት ቀነሰ። ሐኪሟ ደምራ ቀና ስትል ደስታዋ ፊቷ ላይ ነበር።

«ሃያ ስምንት! አባት፣ እንኳን ደስ አለዎት። ነግሬዎት ነበር፣ የሚመለስ አለ ብዬ። ደሙ ምን አለ? ጆሮዎስ?»

«ደህና ነው፣ ሁሉም ደህና ነው» አለች መምህርቷ ፈጥና።

ኮሪደሩ ላይ ሃያ ሰው ይጠብቃል። ሐኪሟ ፋይሉ ላይ መጻፍ ጀመረች። ያን ጊዜ ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዶክተር፣ እኔ ግን…»

መምህርቷ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቱን ጨመቅ አደረገችው። ሐኪሟ ቀና አለች። «አቤት አባት?»

ባሏ ሚስቱን አየ። ጉልበቱ ላይ ያለውን እጇንም አየ።

«አይ፣ አመሰግናለሁ ለማለት ነው» አለ።

«ከዓመት በኋላ ብቅ ይበሉ» ብላ ፋይሉን ዘጋችው።

ከክሊኒኩ ደጃፍ ሳይርቁ «አለፍኩ አይደል? እንግዲህ ወንድሜ ጋ ልሂድ» አላት። መምህርቷም ዝናቡ ይብቃ አለች። ዝናቡ ሲያበቃ መንገዱ እየተሠራ ነው አለች። መንገዱ ሲያልቅ ልጃችን አብራህ ትሂድ፣ እሷ ፈቃድ ታግኝ አለች። እውነቱ ሌላ ነው። ሃያ ስምንቱ የማን ውጤት እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። ወንድምየው ቤት አንድ ምሳ ቢበላ፣ ሁለተኛ ጊዜ «ልጆችህ ስንት ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ወንድምየው የራሱን ሚስት ያያታል፤ ነገሩ ያልቃል። የመምህርት ድገሙ ባል ጅል ሆኖ እንዲታይ ነው? ሞታ ነው ቆማ። ስለዚህ አንድ ቀን ሲጨቀጭቃት «የሚቀጥለውን ካለፍክ ትሄዳለህ» አለችው።

«ካለፍኩ?»

«ካለፍክ።»

እሱም ይህን ያዘ። ሌላው ሁሉ ሲያፈስ ይህን አጥብቆ ያዘ።

ያ ዓመት እንዴት እንደሄደ መተረክ አያስደስትም። የፀጉር ቤቱ ደንበኞች ምንም ሳይሉ አንድ በአንድ ቀሩ፤ ከመናገር መቅረት ቀለላቸው። ባለመድኃኒቱ ብቻ ሳያቋርጥ ይመጣ ነበር። ለእያንዳንዱ «አባትህስ?» «ደህና ናቸው ጋሼ፣ ሰላም ብለውዎታል» እያለ ይመልሳል፤ ሲወጣ መድኃኒት ቤቱ ጓዳ ገብቶ ትንሽ ይቀመጣል። አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ቁልፉን ይዞ በሩ ፊት ብዙ ሰዓት ቆመ። ባለመድኃኒቱ ቁልፉን ተቀብሎ ከፈተለትና አብሮት ገብቶ መስታወቱን በጨርቅ ሸፈነው። ከዚያ ወዲያ ፀጉር ቤቱ አልተከፈተም። ቤት ውስጥ ግን ጥናቱ አልቆመም። እንዲያውም ሌላው ሥራ ሁሉ ሲቀር የቀረው እሱ ብቻ ሆነ፤ ጠዋት ድገም፣ ከሰዓት ድገም። አሁን «መምህር» ሲላት የሚስቅ ነገር ፊቱ ላይ አይታይም።

በዓመቱ ክሊኒኩ ሲሄዱ ልጅ እግሯ ሐኪም ተዛውራለች። በቦታዋ ያገኙት ሽበታም ሐኪም ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ደግሞ ነጭ፣ አዲስ፣ ዳሩ ንጹሕ ነው። መምህርቷ ገና ከበሩ አየችው።

ሐኪሙ አምስት ቃላት አነበበለት። ወንበር ያለበት፣ ዝናብ ያለበት፣ ሌላ ሌላ ቃላት። ቆይቶ «እስቲ ይንገሩኝ» አለው። ባሏ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ድምፁን አጠራ።

«መሰላል፣ ሎሚ፣ ጎረቤት፣ መርፌ፣ ሰማያዊ!»

ከዚያም ዞር ብሎ ሚስቱን አያት፤ በኩራት።

ውጤቱ አሥራ ሦስት ሆነ። ሐኪሙ ፋይሉን ወደ ኋላ ገለጠ፣ ወደ ፊት ገለጠ፣ መነጽሩን አወለቀ።

«አምና ሃያ ስምንት ነው የሚለው። ደሙስ የታለ?»

መምህርቷ ሁሉንም ነገረችው። እንደ ሪፖርት ነው የተናገረችው። ሐኪሙ አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«እናት፣ ደሙን ብናይ ኖሮ ይድኑ ነበር ብዬ አልዋሽዎትም። ላይለውጠውም ይችል ነበር። ምናልባት ትንሽ እናዘገየው ነበር፣ ምናልባትም አልነበረም። ግን ያቺ ዓመት ተኩል የሳቸው ነበረች። ምን እንደሚያደርጉባት ሳያውቁ አለፈቻቸው።»

«ያውቅ ነበር» አለች መምህርቷ። «ምን እንደሚያደርግባት ያውቅ ነበር።»

የደም ግፊቱም ተያዘ፣ ጆሮውም ታየ። የሚሄደው ግን ሄደ። በዓመቱ መጨረሻ የልጁ ስም ጠፋው፤ ከወራት በኋላ ልጅ እንዳለውም። ሚስት እንዳለችው ሲነግሩት በትሕትና «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። መምህርቷን የሚያውቃት በሌላ ማዕረግ ነው። ከፊቱ ስትቀመጥ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ይላል፤ ዐይኑ ውስጥ ያለውን ነገር ደግሞ እሷ ከማንም ይበልጥ ታውቀዋለች። የፊተኛው ወንበር ላይ በተቀመጡ ስንት ልጆች ዐይን ውስጥ አይታዋለች። ያኔ አክብሮት ይመስላት ነበር፤ ለካ ፍርሃት ነው።

ለአጎቷ የደወለችው ልጃቸው ናት። ወንድምየው አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ያልተያዩ ሰዎች ናቸው፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ አረማመዱ ግን ያው የወንድሙ አረማመድ ነው። መምህርቷን በራፉ ላይ ጨበጣት፤ አልሳማትም። ገባና ወንድሙ ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እጁን ያዘው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

ታላቅየው አየው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ቀጥ አለ።

«መሰላል፣ ሎሚ፣ ጎረቤት፣ መርፌ፣ ሰማያዊ።»

ወንድምየው መጀመሪያ አልገባውም።

«መሰላል…» አለ። «ጋሼ! ሎሚውን ነው? የጎረቤትን ሎሚ ልንሰርቅ መሰላል ተሸክመን የሄድነውን? እኔ ወድቄ… በጀርባህ አዝለኸኝ ስትሮጥ…» ፀጉሩን በጣቱ ገለጠ፤ ከግንባሩ በላይ አሮጌ ጠባሳ አለ። «መርፌው! እንዳላይ ዐይኔን ይዘህልኝ ሲሰፉኝ! ሰማያዊ… ሰማያዊው ምን ነበር? ሸሚዝህ ሳይሆን አይቀርም፣ ቀደህ ያሰርክልኝ።» ወደ መምህርቷ ዞረ፤ እንባው ወደ ጢሙ ይወርዳል። «አልረሳኝም! ሁሉን ረስቶ እሱን አልረሳም!»

መምህርቷን ያ ጠዋት ትዝ አላት፤ ፊቱ ወለል ብሎ «እኔና ወንድሜ አንድ ጊዜ መሰላል ተሸክመን» ያለበት ጠዋት። ታሪክ አይጠየቅም ብላው ነበር። ታሪኩን አስወጥታ ቃላቱን ብቻ አስቀርታለታለች።

ዝም ብትል ያልፍ ነበር። ወንድምየው አንጀቱ ርሶ ይሄድ ነበር። እሱ ግን እንባውን ጠርጎ አንድ ነገር ጠየቃት።

«ምላጩን እኔ አልወሰድኩም። እሱን ብቻ አውቆ ቢሆን… አንድ ቀን እንኳ አንስቶት ያውቃል?»

መኝታ ቤቱ አምስት እርምጃ ነው። ሄደች፣ መሳቢያውን ሳበች፣ ጨርቁን ከነምላጩ አምጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ራሱ ያስቀመጠበት ተገኘ» አለችው። «ከታመመ በኋላ አይደለም፤ ሳይታመም ነው ያገኘው። በድዬሃለሁ ሊልህ መምጣት ፈልጎ ነበር። ደጋግሞ ለመነኝ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ፈተናህን ስታልፍ ትሄዳለህ አልኩት። ቃላቶቹም ለፈተናው ያስጠናሁት ናቸው። የናንተን ታሪክ አንድ ቀን ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር፤ አላስጨረስኩትም።»

ወንድምየው ጨርቁን አልፈታውም። በእጁ ስሜት ብቻ አወቀው። አንገቱን ደፋ፤ ቀና ሲል መምህርቷን ያየበት ዐይን ድሮ ፀጉር ቤቱን ጥሎ ሲወጣ የነበረው ዐይን ነው። ምላጩን ጭኑ ላይ አድርጎ የወንድሙን እጅ እንደገና ያዘ፤ በሁለት እጁ።

ታላቅየው ግን እሱን አልነበረም የሚያየው። ከወንድሙ ትከሻ በላይ መምህርቷን እየጠበቀ ነበር።

«መምህር» አለ። «አለፍኩ?»

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተገባ ነጥብ ሰጥታ አታውቅም።

«አልፈሃል» አለችው።

የሽማግሌው ፊት በራ። እንዲህ ሲበራ ካየችው ዓመታት ሆኗታል። ካፖርቱን በዐይኑ ፈለገና ከወንበሩ ሊነሳ ተንደረደረ፤ አልቻለም። እጁን የያዘው ሰው አለቀቀውም። ዞር ብሎ አየው፤ እንግዳ ሰው ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ያለቅሳል። በአክብሮት ጎንበስ አለለት።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እጄን ይልቀቁኝ» አለው። «ወንድሜ ጋ መሄዴ ነው፤ አውቶብሱ ያመልጠኛል።»